ፕሬዠሩ ለደጋ ቤት ይስማማል፤ የመመሪያው ሰዓት ግን አይስማማም

አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በትምህርት ቤት የተማርነው 100 ዲግሪ በባሕር ወለል ላይ ላለ ሰው ይሠራል። ከተማዋ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች አየሩ ይሳሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ውኃውን ከላይ የሚጫነው ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውኃው በደንብ ሳይግል ይፈላል። ደብረ ብርሃን ላይ መፍያው ወደ 91 ይወርዳል፣ ድሬዳዋ ላይ ወደ 96 ከፍ ይላል። ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ ደግሞ እሳቱ የቱንም ያህል ቢጋጋል ከመፍያው በላይ አይሞቅም። የደጋ ሰው ሽምብራ ወይም የበሬ ሥጋ ሲቀቅል ግማሽ ቀን የሚፈጅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ይህን ችግር ከሥሩ የሚፈታ ዕቃ በመርካቶና በቦሌ ሱቆች ይሸጣል፤ ከዱባይ፣ ከጅዳና ከዋሽንግተን በሚመጡ ሻንጣዎችም ይገባል። የኤሌክትሪክ ፕሬዠር ኩከር ነው፤ ብዙ ሰው በአጭሩ ፕሬዠር ይለዋል። እንፋሎቱን አፍኖ በማስቀረት የውስጡን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ግፊቱ ከፍ ሲል ውኃው ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ጥራጥሬውም ሥጋውም ቶሎ ይበስላል። በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ጊዜ መቆጠቢያ ነው። ስምንት ዲግሪ ጎድሎበት ለሚያበስል የደጋ ቤተሰብ ግን ጥቅሙ ከዚያ ይበልጣል፤ ከፍታው የወሰደበትን ሙቀት ይመልስለታል።

ዕቃው በከተሞቻችን እስከ ዛሬ እንደ ቅንጦት መታየቱ የሚያስቆጨው ለዚህ ነው። ጾም ከዓመቱ ከ180 ቀን በላይ በሚይዝበት፣ ምስርና ክክ፣ ባቄላና ሽምብራ የዕለት ማባያ በሆነበት አገር ጥራጥሬን በአጭር ሰዓትና በጥቂት ኃይል የሚያበስል ድስት ከማይክሮዌቭ በፊት ሊገዛ ይገባው ነበር። ሆኖም አንዳንድ ቤት ከተገዛ በኋላ ካርቶኑ ውስጥ ይቀመጣል፤ አንዳንድ ቤት አንዴ ተሞክሮ ወጡ ቀጥኖ ወይም ሽምብራው ጠጥሮ ስለወጣ ወደ ቁም ሳጥኑ አናት ይወጣል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዕቃውም የባለቤቱም አይደለም። ዕቃው የሚሸጠው ለሌላ አገር ከፍታና ለሌላ አገር ምግብ በተጻፈ መመሪያ ነው።

በቅድሚያ ስለ ፍርሃቱ መነጋገር ያስፈልጋል። ፕሬዠር ሲባል ብዙዎች ቶሎ የሚታወሳቸው ፍንዳታ ነው። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ምድጃ ላይ የሚጣደው፣ አናቱ ላይ የሚያፏጭ ክብደት ያለው የቀድሞው ዓይነት ቀዳዳው በምግብ ሲደፈን ወይም ውኃው አልቆ ሲረሳ ሰው ጎድቷል። የዚህ ድስት አባት የሚባለው ፈረንሳዊው ዴኒስ ፓፒን እ.ኤ.አ. በ1679 ለንደን ላይ አጥንት የሚያለሰልስ ዝግ ድስቱን ሲያሳይ የመጀመሪያ ጭንቀቱ ይኸው ነበር። ግፊቱ ሲበዛ እንፋሎት የሚያስተነፍስ መቆጣጠሪያ የጨመረበትም ለዚህ ነው። ዛሬ በየማሽኑ ላይ የምናየው የእንፋሎት መተንፈሻ ቫልቭ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዓይነት የመጣው ከ300 ዓመት በኋላ ነው። ቻይናዊው ዮንግ ጓንግ ዋንግ የፈጠራ መብቱን ለማስመዝገብ ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ1991 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በካናዳ የሚኖረው ሮበርት ዋንግ «ኢንስታንት ፖት» የተባለውን ለገበያ አቅርቦ ዕቃውን በመላው ሰሜን አሜሪካ አስለመደው። በዚህኛው ዓይነት እሳቱን የሚጠብቀው ሰው ሳይሆን ማሽኑ ነው። ድስቱ ሥር ያለ የሙቀት መለኪያና የግፊት ማብሪያ ማጥፊያ ግፊቱ ከተፈለገው ሲደርስ ማሞቂያውን ያቋርጣሉ፤ ሲወርድ መልሰው ያበሩታል። ውኃ ካለቀም ራሱ ያጠፋል። ክዳኑ ላይ ያለች ትንሽ ፒን ግፊት ሲኖር ወደ ላይ ብቅ ትላለች፤ እሷ እስክትወርድ ድረስ ክዳኑ ተቆልፎ ይቆያል።

ያም ሆኖ እንዝህላልነትን የሚችል ዕቃ አይደለም። በአሜሪካ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተደረጉ ሁለት የምርት መልሶ ማሰባሰቦች ለጀማሪ ጥሩ ትምህርት ናቸው። በ2023 ኢንሲግኒያ በሚል ስም የተሸጡ ወደ 930,000 የሚጠጉ ፕሬዠሮች ከገበያ ተሰብስበዋል፤ በውስጥ ድስታቸው ላይ የታተመው የመጠን መለኪያ ስሕተት ስለነበረበት ሰዎች ከልክ በላይ እየሞሉ ትኩስ ምግብ ተፈናጥሮባቸዋል። በግንቦት 2025 መጀመሪያ ደግሞ ኒንጃ ፉዲ የሚባለው 1.8 ሚሊዮን ያህል ማሽን ተጠርቷል፤ ውስጡ ግፊት እያለ ክዳኑ ሊከፈት መቻሉ ታውቆ ከ100 በላይ ሰዎች መቃጠላቸው ተመዝግቦ ነበር። የሁለቱም ትምህርት አንድ ነው፤ ድስቱን አለመሙላትና ክዳኑን በጉልበት አለመክፈት። ያገለገለ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ሰውም የሞዴሉ ቁጥር ከተሰበሰቡት ውስጥ እንዳይሆን አስቀድሞ ማጣራት አለበት።

ወደ ግዢው እንምጣ። መጀመሪያ መታየት ያለበት ከዕቃው ጀርባ ወይም ሥር የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ናት። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የሚመጣው አብዛኛው ፕሬዠር የሚሠራው በ120 ቮልት ነው። እሱን በቀጥታ ሶኬታችን ላይ የሰካ ሰው ማሞቂያው ከተሠራበት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል እንዲስብ ያደርገዋል፤ ማሽኑ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። የሶኬቱን እግር የሚቀይር ትንሽ ማገናኛ ቮልቱን አይቀይርም። ትራንስፎርመር ይሠራል፤ ነገር ግን 1,000 ዋት ለሚስብ ዕቃ የሚበቃው ከባድና ውድ ነው፤ ኩሽና ውስጥም ተጨማሪ ጣጣ ነው። በዋሽንግተን ወይም በሎስ አንጀለስ ያሉ ወገኖች ለእናት ለአባት ስጦታ ሲያስቡ ገንዘቡን ልከው እዚሁ እንዲገዛ ቢያደርጉ ይሻላል።

ከዱባይ፣ ከሳዑዲ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣው በቮልት በኩል ችግር የለበትም። ከዱባይ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ሶኬት ነው፤ እኛ ቤት ያለው ደግሞ ክብ ቀዳዳ ነው። ለዚህ በመንገድ ዳር የሚሸጥ ልል ማገናኛ መጠቀም አያዋጣም፤ ይግላል፣ ይቀልጣል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ሶኬቱን በደንብ ማስቀየር በጣም ቀላል ሥራ ነው። በቀጭን ሽቦ የተሠራ ማከፋፈያ ላይ ከፍሪጅና ከስቶቭ ጋር መሰካትም ክልክል ነው። ፕሬዠሩ የሚስበው ከኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሶ ያህል ቢሆንም፣ ምጣዱ ጋግሮ ሳይጨርስ እሱንም ማብራት በብዙ ቤት ብሬከሩን ይጥላል።

መጠኑን በተመለከተ ለአንድና ለሁለት ሰው 3 ሊትር፣ ለተለመደው ቤተሰብ 6 ሊትር ይበቃል። ስምንቱ ሊትር ያጓጓል፤ ነገር ግን ቦታ ይይዛል፣ እስኪሞቅ ይቆያል፣ በትንሽ ምግብ አይሠራም። በተለይ መታወስ ያለበት ስድስት ሊትር የተባለው ድስት ስድስት ሊትር እንደማያበስል ነው። ለማንኛውም ምግብ ጣሪያው ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ለሚያብጥና ለሚያረፋ ጥራጥሬ ግማሽ።

የውስጥ ድስቱ ሁለት ዓይነት ነው። የማይዝገው ብረት ጠንካራ ነው፣ ይፈተጋል፣ ዕድሜ አለው፤ ቁሌት ግን ቶሎ ይይዝበታል። የማይጣበቅ ቅብ ያለው ለጀማሪ ይመቻል፤ በብረት ማንኪያ ግን ይላጣል። በርበሬና ሽንኩርት ሲያቁላላ ለሚውል ቤት ወፍራም ሥር ያለው የማይዝግ ብረት ቢመረጥ ይሻላል፤ በእንጨት ማማሰያ እየታሸ ውኃ ጠብ ሲደረግለት የያዘው ይለቃል።

ሻጩን መጠየቅ የሚገባው ሌላው ጥያቄ ስለ ጎማው ነው። ክዳኑን የሚያፍነው ክብ የሲሊኮን ጎማ ነው፤ ሲለጠጥ ወይም ሲሰነጠቅ እንፋሎት ያመልጣል፣ ማሽኑም ሥራ ይፈታል። ጎማው በዓመት ወይም በዓመት ተኩል መቀየር አለበት። መለወጫው በገበያ የማይገኝ ማሽን ዋጋው ቢረክስም አያዋጣም። ሁለት ጎማ መያዝ ደግሞ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሲሊኮን ሽታ ስለሚይዝ የቀይ ወጡን ጎማ ለሩዝና ለእርጎ ማዋል አይመከርም። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ካቆመበት ይቀጥል ወይስ ከመጀመሪያ ይጀምር እንደሆነም መጠየቅ ይገባል፤ ከሞዴል ሞዴል ይለያያልና። ሲጠፋ መደንገጥ አያስፈልግም። ክዳኑ እንደተዘጋ ከተተወ ግፊቱ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፤ ውስጥ ያለው ምግብም ለረጅም ጊዜ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ፣ ወደ ሰዓቱ እንለፍ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት እህት አዲስ አበባ ላለች ታናሿ በስልክ «ያደረ ሽምብራ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል» ትላታለች። እሷ ቤት እውነት ነው። ሜሪላንድ ከባሕር ወለል ብዙም አይርቅም። ታናሺቱ በተባለችው ሰዓት ከፍታ ስታየው ሽምብራው ልቡ ጠጥሯል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ማሽኑ ግፊት የሚጨምረው በውጭው አየር ግፊት ላይ ነው፤ የአዲስ አበባ አየር ግፊት ደግሞ ከባሕር ወለሉ በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። በዚህ ምክንያት ሜሪላንድ ላይ 115 ዲግሪ ገደማ የሚደርሰው ያው ማሽን እዚህ ወደ 110 ላይ ይቆማል። 110 ከ92 ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ድል ነው፤ ከመመሪያው ሰዓት ጋር ግን አይገጥምም።

መፍትሔው አንድ ስሌት ነው። በከፍታ የሚያበስሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ደንብ ከ600 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ሰዓቱን በ5 በመቶ ማሳደግ ይላል። ለአዲስ አበባ ወደ 30 በመቶ ይመጣል፤ ለባሕር ዳር 20፣ ለድሬዳዋ 10። የመመሪያው 10 ደቂቃ እዚህ 13 ነው፤ 15ቱ 20፤ 40ው ከ50 በላይ። ጥቂት ሞዴሎች ከፍታውን የሚሞሉበት ቁልፍ አላቸው፤ ያ ካለ ማሽኑ ራሱ ያሰላዋል። ከሌለ ደንቡን በወረቀት ጽፎ ፍሪጁ ላይ መለጠፍ ነው።

የመጀመሪያው ቀን በባዶ ውኃ ቢጀመር ጥሩ ነው። የውስጥ ድስቱ መቀመጡ ይረጋገጥ፤ ብዙ ማሽን የተበላሸው ድስቱ ሳይገባ ውኃ በቀጥታ ማሞቂያው ላይ ስለተደፋበት ነው። ሦስት ኩባያ ውኃ ይጨመር፣ ጎማው በዙሪያው በትክክል መግባቱ ይዳሰስ፣ ክዳኑ ይገጠም፣ ቫልቩ ወደ ዝግ ይዞር፣ ለአምስት ደቂቃ ይሞላ። ማሽኑ መቁጠር የሚጀምረው ወዲያው አይደለም። ውኃው ይሞቃል፣ በፒኗ ዙሪያ ትንሽ እንፋሎት ይሾልካል፣ ከዚያ ፒኗ ብቅ ብላ ትዘጋለች፤ ድምፁ ጸጥ ይላል። መቁጠር የሚጀምረው ያኔ ነው። ይህ የማሞቂያ ጊዜ እንደ መጠኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳልና «አምስት ደቂቃ ብዬው ሃያ ደቂቃ ፈጀ» ብሎ ተበላሽቷል ማለት አይገባም። ሲጨርስ ቫልቩ በረጅም ማንኪያ ጫፍ ይገፋ፤ ፊትና እጅ ከቀዳዳው ይራቁ፣ ማሽኑም ከቁም ሳጥን ሥር ይውጣ፤ በኃይል የሚወጣው እንፋሎት ቆዳም እንጨትም ያቃጥላል።

ሁለተኛው ቀን ለሽምብራ ይሁን። ሁለት ኩባያ ሽምብራ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ጨው በተጨመረበት ውኃ ተዘፍዝፎ ይደር። ጠዋት ውኃው ይደፋ፤ ሽምብራው በድስቱ ገብቶ ከላዩ ሦስት ጣት ያህል ንጹሕ ውኃ ይለፍበት፤ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ ቢደረግ አረፋውን ይቀንሳል። ለአዲስ አበባ 20 ደቂቃ ይሞላ። ሲጨርስ ቫልቩ አይነካ፤ ፒኗ በራሷ እስክትወርድ 20 ደቂቃ ያህል ይተው። ክዳኑ ሲከፈት ሽምብራው ቅርፊቱን እንደያዘ ይገኛል፤ በሁለት ጣት ሲጨመቅ ግን እንደ ቅቤ ይፈርሳል። ጠጥሮ ከተገኘ ምናልባት ያረጀ ነው፤ ተመልሶ ተከድኖ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ይጨመርለት። ሳይዘፈዘፍ በቀጥታ የሚቀቀል ሽምብራ 50 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል፤ ይህም ቢሆን ከከሰሉ ጋር አይወዳደርም።

በዚሁ መንገድ ንፍሮ፣ የጸሎተ ሐሙሱ ጉልባን፣ ቦሎቄ፣ ቀይ ሥር፣ ቅቅል፣ ምላስ፣ የጎድን አጥንት ሁሉ ይሠራል። ሌሊቱን ሙሉ እየተነሡ ውኃ ሲጨምሩበት የሚታደርበት ጉልባን እዚህ ከሁለት ሰዓት በታች ይጠናቀቃል፤ ለዚያውም ማንም ሳይጠብቀው። ቀይ ቦሎቄን በተመለከተ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ማሽኑ በዝግታ የሚያበስልበት ሌላ ቁልፍ ካለው ቦሎቄ በእሱ አይቀቀልም። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ያለው ሆድ የሚያጣምምና የሚያስታውክ መርዝ በዝቅተኛ ሙቀት አይጠፋም። በግፊቱ ይቀቀል፤ የዘፈዘፈው ውኃም ይደፋ።

ወጥ ላይ ሲደረስ ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። የወጥ ጣዕም የሚወለደው ሽንኩርቱ ውኃውን ጨርሶ ሲቁላላ፣ በርበሬው በዘይት ወይም በቅቤ ሲበስል፣ መረቁም ቀስ እያለ ሲተንን ነው። ዝግ ድስት አያተንም። ዶሮ ወጥን ከነሽንኩርቱ ከነበርበሬው አንድ ላይ ከቶ ክዳኑን የገጠመ ሰው የሚያገኘው ቀጭን፣ ጥሬ በርበሬ የሚሸት መረቅ ነው። ትክክለኛው አካሄድ ክዳኑን ከፍቶ በመጥበሻ ቁልፉ ቁሌቱን እንደ ወትሮው በትዕግሥት መሥራት፣ በሥሩ የያዘውን በውኃ ማስለቀቅ፣ ከዚያ ያበሻ ዶሮውን ጨምሮ በግፊት ማብሰል፣ በመጨረሻ ደግሞ ከፍቶ ማጠንዘዝ ነው። ያበሻ ዶሮ 30 ደቂቃ አካባቢ ይችላል። የፈረንጅ ዶሮ ግን በዚያ ሰዓት ከአጥንቱ ተለያይቶ ይበታተናል፤ ለእሱ አሥር ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። እንቁላሉ በኋላ ይጨመራል።

ሽሮ በግፊት አይሠራም። ወፍራም ነገር ሥሩ ላይ ይይዝና ማሽኑ «ተቃጠለ» ብሎ ያቆማል፤ ከዚያም ባሻገር ቫልቩን ሊደፍን ይችላል። ምስርና ክክም ቢሆን ስለሚያረፋ ከግማሽ ድስት ሳይበልጥ፣ ቫልቩም ወዲያው ሳይከፈት ይሁን። ቫልቩ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ብቅ ካለ ወዲያው ይዘጋና ግፊቱ በራሱ እስኪወርድ ይጠበቅ። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላም ጎማው ወልቆ ይታጠብ፣ የቫልቩ ቀዳዳ በብርሃን ፊት ይታይ፣ ፒኗ ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀሷ ይፈተሽ። ማሽኑ ራሱ በውኃ አይነከርም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

አንዳንዶች «የከሰል ወጥ ጣዕሙ ሌላ ነው» ይላሉ። ቀኑን ሙሉ በረመጥ ላይ የተቀመጠ ወጥ ጣዕም መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ሽምብራና ንፍሮ ከከሰል ጭስ የሚያገኙት ምንም ጣዕም የለም፤ ድስቱ አጠገብ የምትቀመጠው እናት ግን ጭሱን ትስባለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህ መካከል ብዙ ሕፃናት ይገኙበታል። የበዓሉ ዶሮ በከሰል ቢሠራም፣ የየዕለቱን ቅቅል ወደ መብራት ማዞር ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

የመብራቱ ሒሳብም አያስፈራም። 1,000 ዋት የሚስብ ማሽን ኃይሉን ሙሉ የሚበላው እስኪሞቅ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ብልጭ እያለ ሙቀቱን ይጠብቃል። አንድ ዙር ሽምብራ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ያው ሽምብራ በተራ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ቢቀቀል የዚያን ሁለትና ሦስት እጥፍ ይወስዳል። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ደረጃ በደረጃ በሚወደድበት በእኛ አገር ይህ ልዩነት በወሩ መጨረሻ ቢል ላይ ይታያል። በጎረቤት ኬንያ የኃይል አከፋፋዩ ኩባንያ ራሱ «ፒካ ና ፓወር» በሚል ዘመቻ ሕዝቡ በመብራት እንዲያበስል ሲያስተምር ቆይቷል፤ የአገሬውን ባቄላና ጥራጥሬ በፕሬዠር እንዴት እንደሚቀቀል የሚያሳይ የምግብ አዘገጃጀት መጽሐፍም ተዘጋጅቶ ነበር። እኛ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ባለቤቶች ነን። ያ ኃይል ኩሽናችን ድረስ እንዲገባ ግን ማስተማር ይጠይቃል።

መብራት ይጠፋል፣ ዋጋውም ለብዙ ቤተሰብ አይቀመስም፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር ግን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሥራውን የሚጨርስ ድስት ሦስት ሰዓት መብራት ከሚፈልግ ስቶቭ ይሻላል። ዋጋውን ለብቻ የማይችሉ ጎረቤታሞች በዕቁብ ተራ በተራ ቢገዙ የሚያቅት አይሆንም፤ የቤት ዕቃ በዕቁብ መግዛት የኖረ ልማዳችን ነው።

የቀረው የአስመጪዎችና የተቆጣጣሪዎች ድርሻ ነው። እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ፕሬዠር በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ ይዞ ይሸጥ። በገጹ ላይ የሽምብራ፣ የባቄላ፣ የቦሎቄ፣ የበሬ ሥጋና ያበሻ ዶሮ ሰዓት በ1,200፣ በ1,800 እና በ2,400 ሜትር ከፍታ ተሰልቶ ይቀመጥ። የመለወጫ ጎማና ቫልቭ ያላስመጣ ነጋዴ ማሽኑን አያስመጣ። 120 ቮልት ብቻ የሚሠራ ዕቃ በአገር ውስጥ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥ። ገዢዎችም ሱቅ ሲገቡ ከቀለሙና ከቁልፉ ብዛት በፊት ቮልቱን ያንብቡ፣ «ጎማው አለ?» ብለው ይጠይቁ፤ የለም የሚል ሻጭ ካጋጠማቸው ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ።